ዱኮ ያልነካት፣ በሴት የተያዘች

ባሌ መኪና ነበረው። «ነበረን» ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሊብሬው በሱ ስም ነበር፣ ቁልፉም ከሱ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። የኔ ድርሻ ከጎን ተቀምጦ መሄድ ብቻ ነበር።

መኪናዋ ትንሽ፣ ነጭ፣ የጃፓን ሥሪት ነበረች። የኩባንያውን ስም አልጠራም። በዚህ ከተማ ስሙን የማያውቅ ስለሌለ የኔ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። እኛ በምንኖርበት በወሰን ሰፈር ጠዋት ወጥታችሁ ብትራመዱ በየበሩ ሸራ ለብሳ የምታገኟት ያችው ናት። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት በር ላይ እንኳ እሷ ሸራዋን ለብሳ ታድራለች።

የወንበሮቹ ላስቲክ ከመርከብ ስትወርድ እንደነበረ ነው። ባሌ አላነሳውም፣ ሌላም ሰው እንዲያነሳው አልፈቀደም። በበጋ ፀሐይ ላስቲኩ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል፤ ሲነሱ ደግሞ ሰው የሚያሳፍር ድምፅ ያወጣል። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የለበስኩት ቀሚስ ከኋላው በላብ ርሶ የምወርድበት ቀን ብዙ ነበር። «ይሄ ላስቲክ ይነሳ» ስለው «ወንበሩ ይቆሽሻል» ይለኛል። ለማን ብሎ ነው ንጹሕ የሚሆነው ስለው ደግሞ «ለሚቀጥለው» ይላል። የሚቀጥለው ማለት ወደፊት መኪናዋን የሚገዛው ሰው ነው። እኛ እንግዲህ ለማናውቀው ሰው ወንበር እየጠበቅንለት ላስቲክ ላይ ስንቀቀል ኖርን።

ቁልፉ ሲዞር አንዲት ሴት ከመኪናዋ ውስጥ በጃፓንኛ ትናገራለች። ድምፅዋ የለሰለሰ ነው። ባሌ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ» ይላት ነበር፤ እኔን ሳይለኝ የወጣበት ቀን ቢኖርም እሷን ሳይላት የወጣበት አላስታውስም። «መልካም ጉዞ እያለችን እኮ ነው» ይላል በኩራት። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ጃፓን ተምሮ የመጣ ባልደረባ ስላለኝ አንድ ቀን በስልኬ ቀድቼ አሰማሁት። ሰውዬው እስኪያስለው ሳቀ። ሴትየዋ የምትለው ለካ «የክፍያ መንገድ ካርድዎን አላስገቡም» ነው። ይህንን ለባሌ ስነግረው ተቀየመኝ። ባልደረባዬ ጃፓንኛውን በደንብ እንዳልተማረ ነገረኝና በማግስቱ እንደለመደው «ደህና አደርሽ» አላት።

ሬዲዮዋም ዝም ያለ ነው። የጃፓን ሬዲዮ የሚይዘው ቁጥር የኛዎቹ ጣቢያዎች ከሚጀምሩበት በታች ያልቃል፤ ሌላው ሰው ትንሽ ዕቃ አስገጥሞ ያዳምጣል። ባሌ ግን ኦሪጅናሉ ከሚነካ ጆሮው ቢደነቁር ይመርጣል። ስለዚህ ከወሰን መገናኛ ድረስ በየቀኑ በዝምታ እንሄድ ነበር። ማውራት አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። አይቻልም፤ እሱ ሞተሯን ነው የሚያዳምጠው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ «እጅ ያልነካት» የሚለው ነገር ነው። ጃፓኖች በግራ ስለሚሄዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። ይህችም መኪና ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደዚህ ስትመጣ መንገድ ላይ ዱባይ አስቁመው፣ ፊቷን ፈተው፣ መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውረው፣ መልሰው ገጣጠሟት። እንዲህ ሆዷ ወጥቶ የተመለሰላትን መኪና ነው ባሌ እጅ ያልነካት የሚላት። የፍሬቻው ዘንግ እንኳ ድሮ ከነበረበት ከቀኝ በኩል ስላልተነሳ፣ ያልለመደ ሰው ፍሬቻ አበራለሁ ብሎ ዝናብ በሌለበት መስታወት ይጠርጋል።

ቅዳሜ ጠዋት እነ ባሌ ወሰን ካለ አንድ ጋራዥ ይሰበሰባሉ። ሁሉም የዚያ ኩባንያ መኪና ባለቤቶች ናቸው፤ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ ሌሎቹም እንደዚያው ከደመወዛቸው ቆጥበው የገዙ ሰዎች። የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ መኪናዋ አትበላሽም። ይህንን የሚናገሩት ታዲያ በየሳምንቱ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆመው ነው። አንድ ቅዳሜ ባሌ ቁርሱን ሳይበላ ስለወጣ ልጠራው ሄድኩ። የመኪናዋ ኮፈን ተከፍቷል፣ መካኒኩ እስከ ወገቡ ውስጥ ገብቷል፣ ባሌ ከጎኑ ቆሞ ለመምህሩ «አንድ ቀን እንኳ አስቸግራኝ አታውቅም» ይለዋል።

«ታዲያ እሱ ምን ጥሎበት ነው የገባው?» አልኩት መካኒኩን እያሳየሁ።

«ቼክ እያደረጋት ነው።»

መምህሩም በሐዘኔታ አየኝና «የሷን ነገር ሴቶች አይገባችሁም» አለኝ። የሱ መኪና ከግድግዳው ሥር ጎማዋ ወልቆ በድንጋይ ቆማ ነበር፤ እሷም ቼክ ላይ መሆኗ ነው።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ ትልቁ ጨዋታ የኩባንያው ታሪክ ነው። ከየት እንደሚያመጡት አይታወቅም። እንደ መምህሩ ከሆነ ኩባንያው ሲጀመር የልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚሠራው። የባንኩ ሠራተኛ በፍጹም አይደለም፣ ብስክሌት ነው ይላል። ባሌ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ነው ብሎ ድርቅ ይላል፤ ቪዲዮ አይቻለሁ ባይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት ጠፍቶ ድስትና መጥበሻ እየሠሩ ቆዩ የሚል አለ፤ ሠራተኞቹ ያለ ደመወዝ ሠሩ የሚል አለ። መሥራቹ ማንም ሳያየው ሌሊት ፋብሪካ እየገባ ብሎን በብሎን በእጁ ያጠብቅ ነበር የሚለውን ታሪክ ባሌ ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የራሱን አባት ታሪክ ሲያወራ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

እኔ የኩባንያውን ታሪክ አላጣራሁም፣ የማጣራትም ሐሳብ የለኝም። ግን እነሱ ከሚያወሩት ሁሉ አንድ ነገር ገብቶኛል። እነዚያ ጃፓኖች ችግር ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ችግር ያየ ሰው ደግሞ የሚሠራው የሚያገለግል ዕቃ ነው። መኪናዋን የሠሯት ሰው እንድታደርስ ነው። ባሌና ጓደኞቹ ሙሽራ አድርገው አስቀመጧት።

ይህንን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እኔ የምሠራው የገበሬ ማኅበራትን በሚረዳ መሥሪያ ቤት ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መስክ ስንወጣም ሾፌር ሲጠፋ የመሥሪያ ቤቱን ፒክአፕ እኔ እነዳለሁ። ፒክአፑ የዚያው የጃፓን ኩባንያ ልጅ ነው። የዘር ከረጢት ጭኜበታለሁ፣ ወንዝ አሻግሬዋለሁ፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ በገመድ አስወጥተነዋል። ወንበሩ ላይ ያለው አቧራ ጎመን ያበቅላል። ማንም ደህና አደርክ ብሎት አያውቅም፤ ጠዋት ግን ይነሳል። ያንን ነድቼ ከመስክ ስመለስ ባሌ ትንሿን ነጭ መኪና ይዞ መገናኛ ይቀበለኝና፣ መሪውን ስጠኝ ስለው «ቆይ፣ ደክሞሻል» ይለኝ ነበር። ጠዋት ስጠይቀው «መንገዱ ተጨናንቋል»፣ እሁድ ስጠይቀው «ዛሬ እንኳ ዕረፊ» ነበር መልሱ። አንድ ጊዜ ግን እውነቱ አምልጦት «መኪና ሁለት እጅ ከለመደች ትበላሻለች» አለኝ።

ይህንን ሁሉ ስቄ ባለፍኩት ነበር፣ እናቴ ባትኖር።

እናቴ የምትኖረው ከቀበና በላይ፣ ወደ እንጦጦ ጥግ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እኛን ሁላችንንም ያሳደገችበት ቤት ነው፤ ወደኛ ነይ ብንላትም አትሰማም። ከአስፋልቱ እስከ በሯ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ቀጥ ያለ፣ በዝናብ ጊዜ የሚያንሸራትት፣ ቢሆንም ታክሲም ውኃ የጫነ መኪናም የሚወጣበት መንገድ። ጉልበቷን ታማለች። ሐኪሙ መገናኛ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ለሕክምና እንድትመላለስ አዘዘላት፤ ባሌም ወዲያው እኔ አመላልሳቸዋለሁ አለ። ጥሩ አማች ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ከአስፋልቱ ጫፍ፣ አንዲት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ጥላ ፈልጎ አቆመና ሞተሯን አጠፋ።

«በሩ ከላይ ነው እኮ» አልኩት፤ እንደማያውቅ።

«ኮብልስቶን ነው» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልመሰለውም። ቆይቶ፣ ፊቴን አይቶ መሰለኝ፣ ድንጋዩ ከሥር ያለውን ዕቃ እንደሚያላላው፣ አንዴ ከላላ ደግሞ እንደማይመለስ፣ ገዢ የሚባል ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንደሆነ አስረዳኝ።

እኔ በእግሬ ወጥቼ እናቴን ደግፌ አወረድኳት። በምርኩዟ ድንጋዩን እየዳሰሰች፣ በየአጥሩ እየቆመች፣ ጎረቤት ሰላም የምትል እያስመሰለች እያረፈች ወረደች። ሕክምናው ጉልበቷን ያሻሽለዋል የተባለው እንግዲህ ይህንን ወርዳ ሄዳ፣ ተመልሳም ይህንን ወጥታ ነው። መኪናው ጋ ስንደርስ ባሌ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰላም አላት። በሥርዓት ማን ይችለዋል።

«እስከ በር መምጣት ነበረብኝ እማማ» አላት። «መኪናዋ ዳገት ላይ ትደክማለች፤ ሞተሯ አይችልም።»

እናቴ «ውይ፣ ምስኪን» አለች። ስለ መኪናዋ ነው።

ቤት ስንገባ ተጣላን። ስለ ኩባንያው መሥራች ብሎኖች የሚያለቅስ ሰው ሞተሯ አይችልም ብሎ ስሟን ማጥፋቱ አልከበደው ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። «ለሰው ደስታ ብዬ ነው ያልኩት» አለኝ። የማን ደስታ እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ በክሊኒኩ ቀጠሮ ቀን ሁሉ ነገሩ እንደዚያው ሆኖ ቀጠለ፤ እሱ ከታች ጥላ ሥር ቆሞ ስፖኪዮዋን በጨርቅ ሲወለውል፣ እኛ ከላይ ስንወርድ። ታክሲ ልጠራ ስል እናቴ ራሷ ትከለክለኛለች፤ አማቿ ሥራውን ትቶ መጥቶ እያለ ታክሲ መጥራት እሱን ማሳፈር መሰላት። እኔ መሪውን ስጠኝና ልውጣ ስለው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ በእጁ ይይዘዋል። በጣም አናደደኝ። ላስቲኩን ችዬ ነበር፣ ሬዲዮውንም ችዬ ነበር፤ እናቴ ድንጋይ እየዳሰሰች ስትወርድ ማየቱን ግን አልቻልኩም። አንድ ቀን እንኳ ከበሯ ላነሳት ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

የነዳጅ መኪና ወደ አገር አይገባም ከተባለ በኋላ እነ ባሌ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። በየሰፈሩ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ከኋላ ታስደነግጣለች፤ እነሱም «አሻንጉሊት» እያሉ ይስቁባታል። የነሱዎቹ ያረጁት ግን በተኙበት ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ደላላ ባሌን በስልክ ያሳድደው ጀመር። በዓለም ላይ ሲነዱት የሚወደድ ዕቃ እሷ ብቻ ናት እያለ ሲመካ ከርሞ፣ በመጨረሻ ይህችን ሸጦ የዚያኑ ኩባንያ፣ ከክልከላው በፊት የገባች፣ አዲስ የተባለችውን ሊገዛ ቆረጠ። ዜናውን የነገረኝ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቀስ ብሎ ነው። አይዞህ አልኩት።

ገዢው የመጣው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚነግድ፣ ረጋ ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። እንደመጣ መኪናዋን በዝምታ ሁለት ጊዜ ዞራት። ከዚያ በጣቱ አንጓ በሮቿን እያንኳኳ ጆሮውን አስጠጋ፤ ተጋጭታ በስቱኮ የተሞላች እንደሆነ ድምፁ ያሳብቃል። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ላሜራዋ ላይ እየለጠፈ አነሳ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አያት። ባሌ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ያወራል። «ዱኮ አልነካትም፤ ቀለሟ የፋብሪካው ነው። ላስቲኩን አዩት? አልተነሳም። ከሥር እንደተመረተች ናት።»

እኔ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰብኩ ነበር። በዚህ መሃል ነው ባሌ፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ «ደግሞ በሴት የተያዘች ናት» ያለው።

በዚህ ከተማ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይህንን ይላል። ሴት ስትይዛት አትሮጥባትም፣ አትጭንባትም፣ ጠጥታ አትነዳትም ተብሎ ስለሚታመን ዋጋ ይጨምራል። ባሌም የለመደውን የደላላ ቋንቋ መናገሩ ነበር፤ የተባለችው ሴት እኔ መሆኔ ትዝ ያለው አልመሰለኝም። ነጋዴው ግን ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ ነዎት የሚነዷት?» አለኝ።

ባሌ ከሰውዬው ትከሻ በላይ በዓይኑ ይለምነኛል። እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፤ ሲያጨኝም እንኳ። የያዝኩትን አንሶላ ቅርጫት ላይ ጣልኩና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዴት ናት? ቤቴ ከቀበና በላይ ዳገት ላይ ነው። ዳገት ካልቻለች አልፈልጋትም።»

«ምን ያስወራናል» አልኩት። «ልንዳትና ራስዎ ይዩአት።» እጄንም ወደ ባሌ ዘረጋሁ።

ቁልፉ ከኪሱ እስኪወጣ የፈጀው ጊዜ! ምን ሊል ይችላል? በሴት የተያዘች ብሏል። ሰጠኝ። ነጋዴው ከጎኔ ተቀመጠ፣ ባሌ ከኋላ፣ ላስቲኩ ላይ። ቁልፉን ሳዞር ሴትየዋ ካርድ አላስገባችሁም አለች፤ ባሌ ዝም አላት።

ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ ፍሬቻ አበራለሁ ብዬ የደረቀውን መስታወት በመጥረጊያው ፋቅኩት። ነጋዴው ዞር ብሎ አየኝ።

«አቧራ አለው» አልኩ። «በደንብ እንዲያዩ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ችግር አልነበረም። በመገናኛ አድርጌ፣ በሾላ አልፌ፣ ወደ ቀበና ታጠፍኩ። እውነቱን ልናገርና መኪናዋ ጥሩ ናት። ስትነካ ትሄዳለች፣ ስትያዝ ትቆማለች፤ ፒክአፑን እንደማዞር ትከሻ አትጠይቅም። ስንት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ የተሳደብኩት እሷን ሳይሆን እሱን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ነጋዴው በሩ ላይ ያለውን እጀታ ለቆ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ አነዳዴ ያስደሰተው ይመስላል። «በእርግጥም የሴት እጅ ነው» አለ።

ከአስፋልቱ ጫፍ፣ ያቺ ሱቅ ጋ ስንደርስ፣ ባሌ ከኋላ «እዚህ ይበቃል፤ ዳገቱን አይተዋል» አለ።

«ይሄ ዳገት አይደለም» አልኩና ወደ ኮብልስቶኑ ታጠፍኩ።

ማርሹን ዝቅ አድርጌ ለቀቅኳት። ወጣች። ዝም ብላ፣ ሳታቃስት፣ እናቴ የምታርፍባቸውን አጥሮች አንድ በአንድ እያለፈች ወጣች። ከሥር ድንጋዩ ጎማውን ዱብ ዱብ ሲያደርገው ባሌ ከኋላ በየዱቡ አብሮ ይነሳል። ነጋዴው «ጠንካራ ናት» አለ፤ ደስ ብሎታል። «ቤቴም ልክ እንደዚህ ነው መንገዱ።» የእናቴ የቆርቆሮ በር ፊት አቆምኩና ጡሩምባ ነፋሁ። ወርጄ የኋላውን በር ከፈትኩት። የማደርገውን አውቅ ነበር፤ እናቴን ከበሯ አሳፍሬ፣ አስፋልቱ ድረስ ወስጄ፣ መልሼ ላመጣት ነበር። አንድ ጊዜ።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች በምርኩዟ ወጣች። መኪናዋን በሯ ላይ ስታይ ቆመች። ከዚያ ፊቷ እንዴት እንደበራ መናገር ያስቸግረኛል። እኔን ሳትስመኝ፣ ማንንም ሰላም ሳትል፣ ቀስ ብላ ቀረበችና የግራ እጇን መዳፍ ኮፈኗ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት ያለው ልጅ ግንባር እንደሚነካ።

«ዳነች?» አለች።

ነጋዴው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ምን ሆና ነበር እማማ?»

«ዳገት አይሆንላትም ነበር እኮ ልጄ» አለችው። «ሞተሯ ይደክማል፣ አይችልም ብሎኝ አማቼ። እኔም እስከ ታች እየወረድኩ ነው የምሳፈርላት። ሁልጊዜ በጸሎት አስባት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይኸው ወጣች።»

የነጋዴው ፈገግታ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረና ባሌን አየው። መሸጥ ለምዶ የኖረ ሰው ነው፤ የተደበቀ በሽታ ያለባትን መኪና ሊሸጡለት እንደሆነ ገብቶታል፤ እጁም ወደ በሩ መክፈቻ ሄዷል።

እኔም ባሌን አየሁት። መልሱ ከሁለት አንድ መሆኑን እኔም እሱም አውቀናል። መኪናዋ ታማ ነበር ካለ ሽያጩ ይቀራል፣ እናቴ ግን ምንም ሳታውቅ ትኖራለች። ጤነኛ ነበረች ካለ መኪናዋ ትሸጣለች። ለአፍታ ያህል፣ ያገባሁትን ሰው ስለማውቀው ሳይሆን ስለምመኘው፣ ታማ ነበር ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ኧረ ምንም የለባትም» አለ ባሌ ተንደርድሮ። «እኔ ልማል፣ አንድ ቀን ታማ አታውቅም። ሞተሯን ማንም መጥቶ ይይ። ዳገት የሚባል ነገር አትፈራም፤ ይኸው አይተዋል።»

«ታዲያ ለምን ነበር የማትወጣው?» አለች እናቴ። የጠየቀችው ለማወቅ ያህል ነው፤ ክስ አልነበረበትም።

ባሌ ነጋዴውን አየ። እናቴን አላያትም። «ድንጋዩ ከሥር ያለውን ዕቃ ይጎዳዋል ብዬ ነው እማማ» አለ። «እንዳትጎዳ ስጠብቃት ነው። ለዚህ እኮ ነው እስካሁን እንዲህ አዲስ የሆነችው።»

ነጋዴው እጁን ከበሩ መክፈቻ ላይ አነሳ። ይህ ምክንያት ለሱም ለባሌም ፍጹም ሙሉ ምክንያት ነበር። እናቴ መዳፏን ከኮፈኑ ላይ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ተመለከተች፤ ስትወርድበትና ስትወጣበት የከረመችውን ድንጋይ። «ግቢ እማዬ፤ ዛሬ ከበር ነው የምንነሳው» አልኳት።

ወደ ከፈትኩላት በር መጣች። ወደ ውስጥ፣ ላስቲክ የለበሰውን ወንበርና እሱ ላይ ላብ ያጠመቀውን ባሌን አየች። ከዚያ በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ዘጋችውና ወደ ነጋዴው መስኮት ዞረች።

«ግዛት ልጄ» አለችው። «በዚህ ቤት እንደሷ የተሳሱለት ሰው የለም።»

ባሌ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ጠጋ ብሎ የነጋዴውን ትከሻ ነካ ነካ አደረገና «ሰሙ አይደል?» አለው።